የማይሰማው ኮምፒውተርና የብርሃነ ሥላሴ ድምፅ

ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ብሬዴንግ ውስጥ፣ ከሜትሮው ጣቢያ ወረድ ብሎ ካሉት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ድምፅ የሌለው ሰውና ጆሮ የሌለው ኮምፒውተር ተፋጠው ተቀምጠዋል። ሰውየው ብርሃነ ሥላሴ ይባላል። ኮምፒውተሩ ስም የለውም፤ ብርሃነ ሥላሴ ለምንም ነገር ስም ማውጣት አይወድም።

ኮምፒውተሩ አልሞተም። ቢሞት ይቀብሩት ነበር። ስክሪኑ በርቷል፤ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ትቆጥራለች፤ መሐል ላይ የድምፅ መቅጃው ፕሮግራም እንደተከፈተ ነው፤ የሰውየው ድምፅ እንደ ሰማያዊ የመጋዝ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። ግን ማውሱን ቢገፉት ቀስቷ አትነቃነቅም። ኪቦርዱን ቢቀጠቅጡት አንድ ፊደል አይመልስም። ይታያል እንጂ አይሰማም። እንዲህ ያለ ጠባይ ቀድሞ የምናውቀው በማዕከላዊ ኮሚቴ ላይ ነበር።

ብርሃነ ሥላሴ ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቀጭን፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ወረቀት ያባዛ ነበር። በዚያ ዘመን አገሪቱን ነፃ የሚያወጣት የማባዣው ሰም ወረቀት፣ ስቴንስል ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ እኛም አመንን። አንዱን ገጽ ለመጻፍ ሦስት ምሁር፣ የተጻፈውን ለመተቸት አሥር ምሁር ይመደብና፣ አባዝቶ ለመበተንና ካስፈለገም ለመሞት ብርሃነ ሥላሴን የመሰለ አንድ ልጅ ይበቃ ነበር። ምሁራኑ ዛሬም በየአገሩ እየተተቻቹ ነው። ልጁ ደግሞ የተማረው ነገር ቢኖር ሦስት ሕግ ነው። የተባዛው ነገር ስቴንስሉ ወዲያው ይቃጠላል። ስም አይጻፍም፤ ግድ ከሆነም መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ ተቀድዶ እንዲዋጥ። ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም።

ሦስተኛውን ሕግ ያስተማረው ወረቀት አይደለም። ብሩህ የሚባል ጓደኛ ነበረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ፒያሳ ላይ፣ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ አስፋልቱን ይዘው ሲሄዱ፣ ከሰው መሐል አንድ ድምፅ «ብሩህ!» ብሎ ተጣራ። ብሩህ ዞር አለ። ዞር ማለቱ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ጠሪው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያኛው፣ ከተቀናቃኙ ድርጅት ነው የሚሉ አሉ። ከዚያኛው ድርጅት የነበረውና ዛሬ ብሬዴንግ ውስጥ ሁለት ሕንፃ አልፎ የሚኖረው ኪሩ ደግሞ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር «እኔ ያን ቀን አዋሳ ነበርኩ» ይላል። ማንም ሳይጠይቀው።

ብርሃነ ሥላሴ በሱዳን በኩል ወጥቶ ስቶክሆልም ደረሰ፤ ጡረታ እስኪወጣም ድረስ ሜትሮ ጣቢያ መግቢያ ላይ በመስታወት ቤት ተቀምጦ ትኬት አየ። የስም ምልክት ደረቱ ላይ እንዲለጥፍ ሲታዘዝ ከአለቆቹ ጋር ክረምቱን በሙሉ ተደራድሮ «ቢ» በምትል አንዲት ፊደል ተስማማ። አገባ፣ ወለደ፣ ሚስቱ ሞተችበት። አንዲት ልጁን ሳሌም ብሎ ስም አወጣላት እንጂ በስሟ አይጠራትም። ስልክ ሲደውል «እኔ ነኝ» ይላል፤ «አንቺ» ይላል። ካላነሳች የድምፅ መልእክት አይተውም። ሳሌም ልጅ ሳለች፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ከታች ከመጫወቻው ሜዳ በስሟ ተጣርቶ ያስገባት የነበረው፣ እናቷ ታምማ የተኛችበትን አንዱን በጋ ብቻ ነው። እሷ ግን ያን ጥሪ አትረሳውም። በየቤቱ አባት ልጁን ሲጠራ ትዝ የማይል ነገር፣ በዚህ ቤት እንደ በዓል ይታወሳል።

ጡረታው ሲመጣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለአረጋውያን በሚሰጥ ትምህርት ሊነክስ የሚባል ነገር መኖሩን ሰማ። ከፍላሽ ላይ የሚነሳ፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንዲት መስመር የማይጽፍ፣ የሠሩበትን ሁሉ በጊዜያዊ ትውስታው ብቻ ይዞ የሚቆይና መብራቱ ሲጠፋ ሁሉንም የሚረሳ ዓይነት አለ አሉት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ታዲያ ይህ ምን ይጠቅማል?» ሲሉ፣ ብርሃነ ሥላሴ ዕድሜውን ሲፈልጋት የኖራትን ሴት ያገኘ መሰለው። ራሱን በራሱ የሚያቃጥል ስቴንስል! ኪሩ ኪስታ ውስጥ ቢሮ ሲያጸዳ ከተጣለ ዕቃ የለቀመውን አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠው። ብርሃነ ሥላሴ ካቻቢቴ አንሥቶ ሃርድ ዲስኩን አወጣ፤ ከኢንተርኔት የሚያገናኘውንም ካርድ ነቀለ። ለማን ብሎ? ማን ሊመጣበት? በዚህ ከተማ ፖሊስ በር የሚያንኳኳው የጎረቤት ድመት ሲጠፋ ነው። ቢሆንም።

ከዚያ ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞቹ ማንቁርቱ መውጣት አለበት አሉ፤ ከዚያ በኋላ በአንገቱ ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ በልምምድ አንድ ዓይነት ድምፅ ሊያወጣ ይችል ይሆናል፣ የእሱ ግን አይሆንም። ሆስፒታሉ ግን አርቆ አሳቢ ነው። ሲጻፍበት የሚናገር ታብሌት ይሰጡታል፤ በገዛ ድምፁ እንዲናገርም ከቀዶ ጥገናው በፊት አስቀምጠው አስነበቡት። ያስነበቡት በስዊድንኛ ነው፤ ስለ አንዲት ትንሽ ጀልባና ስለ ደሴቶቹ የሚያወራ ጽሑፍ። ስለዚህ ብርሃነ ሥላሴ በስዊድንኛ ለዘላለም ይናገራል። አማርኛውን በምን እናድርገው ሲባል «ቤትህ ሆነህ የሚያስፈልጉህን ዓረፍተ ነገሮች ቅዳና አምጣ» አሉት።

በሩን ዘግቶ ቀዳ። ከሰዓት በላይ ቀዳ። ሳሌም ባግባባችው ጊዜ ምን ምን እንደቀዳ በጨረፍታ ነግሯት ነበር፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ዳቦ፣ አመመኝ፣ ደህና አደራችሁ፤ ቀጥሎ ስድብ፤ መጨረሻ ላይ ስሞች። ስም መጨረሻ ላይ ነው፣ ተቀድዶ እንዲዋጥ።

«የእኔም አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«አለ» አላት።

ለእሷ መገልበጫ የሚሆን አዲስ ፍላሽም ገዛላት። ሳይገለብጥላት ሆስፒታሉ ደውሎ ቦታ ተገኝቷል፣ ነገ ግባ አለው። ኮምፒውተሩን ቢያጠፋው ድምፁ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ስለዚህ እንደበራ ተወው፤ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፈበት፤ ሄደ። ሲመለስ ድምፁ የለም፤ ኮምፒውተሩ አለ። ማውሱን ነካ አደረገው፤ ስክሪኑ ከእንቅልፉ ነቃ። ከዚያ ወዲያ መንካትም መቀጥቀጥም አላንቀሳቀሰውም። አዲሱ ፍላሽ ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ይህ ሳያንስ፣ በማግስቱ ጠዋት ሾርባ ይዞለት የመጣው ኪሩ ከደረጃው ሥር አንድ ማስታወቂያ አነበበ። ከተለጠፈ ሳምንት አልፎታል። በሕንፃው እድሳት ምክንያት ዛሬ ከእኩለ ቀን በኋላ በየመግቢያው በተራ መብራት ይቋረጣል።

ኪሩ ለሳሌም ደወለላት።

ሳሌም ኡፕላንድስ ቬስቢ ትኖራለች፤ ኪስታ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች፤ አባቷ የጠላውን ኔትወርክ ስትገጣጥም ትውላለች። አማርኛ ሲነገር ይገባታል፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ስዊድንኛ ነው። ስዊድንኛ ደግሞ አንቱታ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ሽማግሌውን ኪሩን «አንተ» ነው የምትለው። እዚህ «እርስዎ» ብዬ የጻፍኩት እሷን ከአንባቢ ቁጣ ለማዳን ነው።

ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ከአጠገቧ ቆመ፤ የአንገቱ ቀዳዳ በትንፋሹ ቁጥር ቀጭን ፉጨት ታወጣለች። እጁ ላይ ልጆች የሚጽፉባት ነጭ ሰሌዳና ማርከር አለ።

«ጓድ ብርሃነ!» አለ ኪሩ የሾርባውን ሰሃን እያስቀመጠ። «ዕድሜ ልኬን ዝም በል ስልህ እምቢ ብለህ፣ አሁን በሐኪም ትእዛዝ!»

ብርሃነ ሥላሴ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፎ አሳየ፤ አንብበው ሳይጨርሱም በእጅጌው ጠረገው።

«ምን አለ? ሳላነበው አጠፋው እኮ!»

«ሰድቦዎት ነው» አለች ሳሌም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«የዱሮ ስድብ ነው የአሁን?»

«በ‹አድ› ይጀምራል።»

«አድሃሪ! በለው! ማንቁርቱን ወስደው አቋሙን ተዉለት።»

ሳሌም የኪቦርዱን ገመድ ነቅላ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። የኪቦርዱ መብራት አልበራም። ማውሱን ገልብጣ ሆዱን አየች፤ ቀይ ብርሃኑ የለም። ከቦርሳዋ የራሷን ማውስ አውጥታ ሰካች፤ ያም አልበራም።

«ማውሱም ኪቦርዱም ደህና ናቸው» አለች። «የተበላሸው የሚሰኩበት ነው። ኮምፒውተሩ ሲተኛና ሲነቃ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሲነቃ ዩኤስቢውን የሚያስተዳድረው ክፍል አልነቃም። ሌላው ሁሉ ይሠራል። በሩ ብቻ ነው የተዘጋው።»

«በመስኮት ግቢያ!» አለ ኪሩ። «በኢንተርኔት የሰው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ የለም እንዴ?»

«መስኮቱን አባዬ በካቻቢቴ ነቅሎታል።»

ብርሃነ ሥላሴ ወለሉን አየ።

«እንግዲያው ፍላሹ ላይ ገልብጪውና…»

«ፍላሹ የሚሰካው እዚያው የሞተው ዩኤስቢ ላይ ነው፤ ጋሼ ኪሩ።»

«ዲስኩስ ላይ?»

«ዲስኩንም ነቅሎታል።»

ኪሩ እጁን አጣምሮ ወዳጁን በአድናቆት ተመለከተው። «እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ በዚያን ጊዜ ቢኖራችሁ ኖሮ ታሸንፉን ነበር» አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ኮምፒውተሩ ማብሪያ ዘረጋ። «የእኔ ሲደርቅ ይቺን ነካ ሳደርጋት…»

«አይንኩት!»

ጩኸቷ የሾርባውን ማንኪያ ያስጨፈረው ይመስል ነበር። ኪሩ ጣቱን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«አንዴ ሲነካ ወይ ይተኛል ወይ ይጠፋል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተኝቶ ቢነቃ ዩኤስቢውም አብሮ ሊነቃ ይችላል፤ ልንሞክረው እንችል ነበር። የትኛው እንደሚሆን ግን የሚወሰነው ባለቤቱ እንዳዘዘው ነው። አባዬ፣ ምን ብለህ ነው ያዘዝከው?»

ብርሃነ ሥላሴ ጻፈ፦ «ይጥፋ። በር ሲንኳኳ በአንድ ጣት።» ጠረገው።

ከታች፣ ከአንደኛው መግቢያ፣ የመሰርሰሪያ ድምፅ ግድግዳውን እየነዘረ ወጣ።

ሳሌም ተነሥታ ወደ ታች ወረደች። ኤሌክትሪሺያኑ ለሥራው የሚጠነቀቅ፣ ጨዋ፣ ጢሙ ላይ ኖራ የነካው ልጅ እግር ሰው ነው። አባቷ ድምፁን እንዳጣ፣ ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ፣ መብራቱ ከጠፋ እንደማይመለስ ነገረችው። ሰውየው የራስ ቁሩን አውልቆ አዳመጣት። «ይገባኛል» አላት። በዚህ አገር «ይገባኛል» ማለት በአክብሮት የታጠፈ «አይሆንም» ነው። ማቋረጫው በእሱ እጅ አይደለም፤ በስልክ የሚያዙት ሌሎች ናቸው፤ ጠዋት ሥራው ፈጥኖላቸዋል፤ የእናንተ ሦስተኛው መግቢያ ነው፤ አሁን ሁለተኛው ላይ እየገባን ነው። አዝኗል፣ ከልቡ አዝኗል። «ልክ ሲጠፋ ግን ወጥቼ በራችሁን አንኳኩቼ እነግራችኋለሁ» አላት። ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው መብራት መጥፋቱን ደረጃ ወጥቶ የሚነግር ሕዝብ! በሌላ አገር ቢሆን ይህን ሰው ጉቦ አብልተን በተገላገልነው።

ስትመለስ ኪሩ በእንብርክክ ሆኖ ከኮምፒውተሩ ጀርባ በስልኩ ብርሃን ያያል።

«ሳሊ፣ ይቺ ምንድን ናት? ክቧ፣ ሐምራዊዋ?»

ሳሌም ጎንበስ ብላ አየችና አፏን ያዘች።

«የድሮ ኪቦርድ መሰኪያ ናት። ዩኤስቢ ከመምጣቱ በፊት የነበረች። በሌላ መንገድ ነው የምትሄደው፤ የሞተው ክፍል አያገኛትም።» ቀና አለች። «አሁን ግን እንዲህ ያለ ኪቦርድ ከየት ይመጣል? ሙዚየም ካልሆነ…»

«ምድር ቤት» አለ ኪሩ። «የእኔ ምድር ቤት። ይህን ኮምፒውተር ስለቅመው ከነኪቦርዱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አብረው አልሰጡትም?»

ኪሩ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «አባትሽ ያኔ የድርጅታችንን መስመር በሰው ፊት ተችቶ ነበር። ኮምፒውተሩን ሰጠሁት፤ ኪቦርዱን ግን አይገባውም ብዬ ያዝኩ።»

የሁለት ድርጅቶች ትግል በመጨረሻ ለዚህ በቃ። ስንት መጽሔት የተጻፈበት፣ ስንት ወጣት ያለቀበት ቅራኔ፣ ብሬዴንግ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ኪቦርድ አስቀመጠ።

ኪሩ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ውስጥ የቀረው የአንገት ፉጨትና የመሰርሰሪያ ድምፅ ነበር። ከዚያ መሰርሰሪያው ዝም አለ። ሳሌም በመስኮት ስታይ በወዲያኛው መግቢያ ኩሽናዎች ውስጥ በርተው የነበሩት መብራቶች አንድ ላይ ድርግም አሉ። ቀኑ ደመና ነው፤ ኅዳር ነው፤ ስቶክሆልም ኅዳር ላይ እኩለ ቀንን ከምሽት የሚለየው ሰዓት ብቻ ነው።

አባቷ ሰሌዳውን አነሣ። «ተዪው» የሚል ጻፈ።

«አልተውም።»

ጠርጎ ጻፈ፦ «የጠፋ ነገር ማንንም አያስይዝም።»

«እኔ አይደለሁም እኮ የምይዝህ!» አለች በስዊድንኛ፤ እንባዋ ግን ቋንቋ አልነበረውም። «አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ታብሌትህ ስሜን በስዊድንኛው ድምፅ ሲያነበው ሰምቻለሁ። እዚህ ስቶክሆልም አጠገብ ያለውን፣ ሳሌም የሚባለውን ሠፈር ነው ያነበበው። እንደ ጣቢያ ስም! አባቴ እንደ ጣቢያ ስም እንዲጠራኝ አልፈልግም።»

ብርሃነ ሥላሴ ማርከሩን ከፈተ። መልሶ ከደነው።

ኪሩ የሸረሪት ድር እንዳለበሰው ገባ። ኪቦርዱ ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል፤ በሌላ ዘመን የሰው ቡና ፈስሶበታል። ገመዱ ጫፍ ላይ ግን ያቺ ክብ፣ ሐምራዊ መሰኪያ አለች።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች ሳሌም። «እንዲህ ያሉት ኮምፒውተሩ እንደበራ ሲሰኩ አይወዱም። አንዳንዴ ማሽኑን ይገድሉታል። ካልሰካሁት ደግሞ…» ወደ መስኮቱ አየች።

አባቷን አልጠየቀችውም። ሰካችው።

የስክሪኑ ሰዓት ቆመች። ሦስቱም አብረዋት ቆሙ። ከዚያ ሰዓቷ አንድ ዘለለች፤ ኪቦርዱ ላይ ያሉት ሦስት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ብለው ጠፉ፤ አንዷ በርታ ቀረች።

«ኮምፒውተሩ ሰማን» አለች ሳሌም በሹክሹክታ።

ግን ተሰሙ እንጂ ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት አልነበረም። ለማዘዣ የሚሆን መስኮት ልትከፍት ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን የሚያነብበት ፍላሽ ራሱ ከሞተው በር ጀርባ ስለሆነ «ማንበብ አልተቻለም» አለ። ለማስቀመጥ ሞከረች፤ የሚቀመጥበት የለም። ያለው ነገር የተከፈተው መቅጃና የጠረጴዛው ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ብቻ ናቸው። እነሱ በዩኤስቢ አይደሉም።

«ኮምፒውተሩ ጮክ ብሎ ይናገር» አለች። «እሱ ይናገራል፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። ሌላ መንገድ የለም።»

ስልኳን ከማጉያው አጠገብ አስደገፈች። ከእነሱ መግቢያ ሥር የእግር ኮቴና የብረት ሳጥን ሲከፈት ተሰማ።

ብርሃነ ሥላሴ ፈጥኖ ጻፈ፦ «ከመጀመሪያው።»

«አባዬ፣ ከሰዓት በላይ ነው። ከመጀመሪያው ከጀመርን መጨረሻው ላይ አንደርስም።»

«ውሃ። አመመኝ። እሱ ይበልጣል።» ጠረገ። «ሥርዓት አለው።»

«ውሃ በስዊድንኛ ትጠይቀኛለህ፤ አመጣልሃለሁ!»

ሰሌዳውን በጥፍሩ እየመታ ያንኑ ደገመ፦ «ከመጀመሪያው።»

ኪሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ልጅቷን ተዋት፣ ብርሃነ» አለ። «ዕድሜ ልክህን ከመጀመሪያው እየጀመርክ የት ደረስክ?»

ሳሌም ወደ መጨረሻው የምትወስደውን ቁልፍ ተጫነች። የስክሪኑ ቀስት ሰማያዊውን ጥርስ ሁሉ ዘልላ ጫፍ ላይ ቆመች። ጥቂት ወደ ኋላ መለሰቻት። የስልኳን መቅጃ አስነሣችና ረጅሟን ቁልፍ መታች።

መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት መጣ። ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ፣ በአፍንጫ የሚተነፈስ የድሮ ትንፋሽ። ከዚያ የብርሃነ ሥላሴ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ከመስታወት ጀርባ ለመሰማት የለመደ ድምፅ።

«ኪሩ።»

ኪሩ ኮፍያውን አወለቀ።

«ኪሩ፣ ሾርባህ ጨው የለውም።»

«አድሃሪ» አለ ኪሩ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ።

ዝምታ። ሰማያዊው መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ ሄደ። ከዚያ፣ ሊሰማ በማይችል ያህል ዝቅ ብሎ፦ «ብሩህ።» ሰው ጠርቶ እንዳይዞር እንደሚፈልግ ሰው ነበር ያለው። ኪሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዋሳን አላነሣም።

መስመሩ እንደገና ጠፍጣፋ ሆነ። ከታች አንድ ሰው በስዊድንኛ ቁጥር እየቆጠረ በስልክ ያወራል።

«ሳሌም» አለ ድምፁ። ኩሽና ውስጥ ሆና የሚጠራት ያህል።

«ሳሌም?» አለ፤ ሲጨንቀው።

ሦስተኛው ከመምጣቱ በፊት ወንበሩ ተገፋ፤ በቀረጻው ውስጥ በር ተከፈተ፤ የውጭ ንፋስ ገባ። ይህ ሰው ለመቅዳት ብሎ ማይክሮፎኑን እየጎተተ በረንዳው ላይ ወጥቶ ነበር። ስም ጮክ ተብሎ አይጠራም ያለው ሰው፣ በጠራራ ቀን፣ ሕንፃው ሁሉ እየሰማው፦

«ሳሌም!»

«አቤት!» አለች ሳሌም።

በስዊድንኛ አይደለም። አላሰበችውም። ከሜዳው እንደተነሣች ልጅ፣ ጥሪው ሳያልቅ፣ ድምፁ ላይ ድምፅዋን ደርባ ብድግ አለች።

መብራቱ ጠፋ።

ስክሪኑ ጠቆረ፤ ማጉያዎቹ ጧ ብለው ዝም አሉ፤ ማቀዝቀዣው ተንፍሶ ቆመ። ውሃ፣ ዳቦ፣ አመመኝ፣ ደህና አደራችሁ፣ ከሰዓት በላይ የሆነ አማርኛ ሁሉ፣ ልክ ባለቤቱ እንደሚወደው፣ አንዲት ዱካ ሳይተው ሄደ።

በጨለማው ውስጥ የቀረው የስልኩ ብርሃን ነበር።

«ተቀዳ?» አለ ኪሩ።

ሳሌም ነካ አደረገችው። «ሳሌም!» አለ ስልኩ፣ «አቤት!» አለ ስልኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተጣብቀው። ከእንግዲህ ማንም አይለያቸውም፤ ታብሌቱ አንድ ቀን ስሟን ሲጠራት መልሷም አብሮ ይወጣል፣ ብትኖርም ባትኖርም።

ሳቀች፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። አባቷ ሰሌዳውን ወደ ስልኩ ብርሃን አስጠጋ። «የት ነው ያለው?»

«እዚህ። ስልኬ ላይ።» ከዚያ ልታጽናናው ብላ ጨመረች፦ «አትፍራ፣ ስልኬ ቢጠፋም አይጠፋም። እንደተቀዳ ራሱ ይልከዋል።»

የቀድሞውን ሳይጠርግ ከሥሩ ጻፈ፦ «ወዴት?»

«ወደ… የሆነ ቦታ። ብዙ ቦታ። በትክክል እኔም አላውቅም።»

«ማጥፋት ይቻላል?»

ስልኩ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ስትሽከረከር አየቻት፤ ስትቆምም አየቻት።

«አይመስለኝም፣ አባዬ» አለች።

ብርሃነ ሥላሴ ሰሌዳውን አልጠረገውም። ጥያቄዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እንደተደረደሩ ይዟቸው ቆመ። የአንገቱ ፉጨት ፈጠነች። ሰው መሐል ሆኖ ስሙን የሰማ ሰው የሚሆነውን ሁሉ ሆኖ ነበር፣ ዞር ማለት ሲቀረው።

በሩ ተንኳኳ።

ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ መብራት መጥፋቱን ሊነግር የመጣ። ሳሌም ታውቃለች፤ ኪሩ ይገምታል። ቢሆንም ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። የተንቀሳቀሰችው የብርሃነ ሥላሴ ጣት ብቻ ናት። በጨለማው ውስጥ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ፈልጋ አገኘች፤ ተጫነች፤ እንደገና ተጫነች። ማሽኑ አስቀድሞ ጠፍቷል።

ስልኩ በሳሌም እጅ ላይ እንደበራ ነው።